ከሱቅ የተገዛ መድኃኒት ሒሳቡ በማን ላይ ነው?

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ስለ ቤት ንጽሕና በተነጋገርን ቍጥር የምናነሣው ሳሙናንና ውሃን፣ የምግብ ዕቃንና መጸዳጃ ቤትን ነው። ዛሬ ግን ከሳሙናው ጐን ስለሚቀመጠው ነገር፣ ማለት ቤተ ሰቡ ከሱቅና ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ስለሚያኖረው ክኒን፣ ቅባትና ፋሻ እንነጋገራለን። ከእነዚህ ውስጥ የጤና መድን መታወቂያችን የሚሸፍነው የትኛውን ነው? በነጻ የሚገኘውስ? መቀነት ተፈትቶ የሚከፈልበትስ የትኛው ነው? ይህን ባለማወቅ ስንቱ ቤት ያለ አገባብ ዶሮውን ሸጧል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ልጁን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጠው ያድራል። ሲነጋ እናቲቱ ሁለት ዶሮ ይዛ ገበያ ትወርዳለች፤ ዶሮዎቹን ሸጣ ከባለ ሱቁ ዘንድ ትሄድና «ተቅማጥ የሚያቆም ስጠኝ» ትለዋለች። ባለ ሱቁም ባለ ሁለት ቀለም ክኒን ቈጥሮ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣታል። ልጁ ግን አይሻለውም። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ሲጐደጕድ፣ አፉ ሲደርቅ ጊዜ ትደነግጥና አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ ትሮጣለች። እዚያ «ለምለም» የሚባለውን ዱቄት በውሃ በጥብጠው በማንኪያ በማንኪያ ይሰጡታል፤ ዚንክ የሚባለውንም ክኒን ያዙለታል። ልጁ ነፍስ ይዘራል። የጤና መድን መታወቂያዋን ስላሳየች አንድ ሳንቲም እንኳ አልተጠየቀችም።

ታዲያ እናቲቱ በልቧ «መታወቂያው እንዲህ የሚሠራ ከሆነ የባለ ሱቁንም ይመልስልኝ» ትላለች። ባዶውን የክኒን ወረቀት ይዛ ወደ ጤና መድን ሠራተኛው ስትሄድ ግን፣ «እናቴ፣ ይኼ አይመለስም» ትባላለች። «መዋጮውን ሲቀበሉ አይከብዳቸውም፤ ሲመልሱ ነው የሚከብዳቸው» እያለች ቤቷ ትገባለች።

እኛ ይህችን እናት አንወቅሳትም፤ አስቀድሞ የነገራት የለምና። የተነገራት «መድን ገብተሻል፤ ብትታመሚ አትከፍዪም» የሚለው ብቻ ነው። ይህ ቃል እውነት ቢሆንም ግማሹ ተቈርጦ የቀረ እውነት ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። አስቀድሞ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ። አሠራሩን ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። የእድር አባል ሁሉ እንደ ደንቡ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ድንኳን ይተከልለታል፣ ድስትና ወንበር ይመጣለታል። ነገር ግን ሐዘንተኛው በራሱ ፈቃድ ከገበያ ለገዛው ዕቃ «ዋጋውን መልሱልኝ» ቢል እድሩ አይሰማውም። የጤና መድንም እንደዚሁ ነው። ገንዘቡ በእናንተ እጅ አይቈጠርም፤ መድኑ ስለ እናንተ ሆኖ የሚከፍለው ለጤና ጣቢያውና ለሆስፒታሉ ነው።

ስለዚህ አንድ መድኃኒት በመታወቂያው እንዲገኝ ሦስት ነገር መሟላት ያስፈልገዋል። የዓመቱ መዋጮ የተከፈለ መሆን አለበት፤ የታከማችሁበት ቤት ከመድኑ ጋር ውል ያለው መሆን አለበት፤ መድኃኒቱም በሐኪም ወይም በጤና መኰንን ወይም በነርስ ተመርምራችሁ የታዘዘ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ሒሳቡ የባለ ቤቱ ነው። ለምሳሌ ፓራሲታሞል የሚባለውን የትኵሳት ክኒን ውሰዱ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ፣ ተመርምራችሁ፣ በማዘዣ ከዚያው ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት የወሰዳችሁት እንደ ሆነ በመታወቂያው ይሸፈናል። ያንኑ ክኒን ከሱቅ በራሳችሁ ፈቃድ ብትገዙት ግን አይሸፈንም። ክኒኑ ያው ክኒን ነው፤ የመጣበት በር ብቻ ነው የተለየው።

እንግዲህ በየቤቱ የሚገኙትን ነገሮች አንድ ባንድ እንመልከት።

አስቀድሞ ማወቅ የሚገባን መታወቂያ ላለውም ለሌለውም በነጻ የሚሰጠውን ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንኑ ነው። የሕፃናት ክትባት በነጻ ነው። የእርግዝና ክትትል፣ በጤና ጣቢያ መውለድና ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትልም በነጻ ነው። የወሊድ መቈጣጠሪያ ክኒን፣ መርፌና በክንድ የሚቀበረው በነጻ ነው፤ ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ እየተሰለፉ መግዛት አያስፈልግም። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት፣ የኤች አይ ቪም መድኃኒት እንዲሁ በነጻ ነው። ወባ ባለበት ቀበሌ አጐበር በነጻ ይታደላል። በዘመቻ ጊዜ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤና የሕፃናት የትል መድኃኒትም አይሸጥም። ይህን ሁሉ ማንም ሰው «ክፈሉ» ቢላችሁ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ከዚህም በላይ በቀበሌያችሁ ያለችው ጤና ኬላ አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለተቅማጥ ለምለምና ዚንክ ትሰጣለች፤ የወባ ደም መርምራ መድኃኒት ትሰጣለች፤ የሕፃኑን ትንፋሽ ቈጥራ የሳንባ ምች መሆኑን ትለያለች። ለዚህም ዋጋ አትጠይቅም። ያቺ ሁለት ዶሮ የሸጠች እናት ገበያ ከመውረዷ በፊት በጤና ኬላው በኩል ብታልፍ ኖሮ፣ ዶሮዎቿም ይተርፉ ነበር፣ ልጇም ሦስት ቀን አይሠቃይም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ለምለም ጥቂት ማለት ደስ ይለናል፤ ርካሽ መድኃኒት ነውና። አንዱን ከረጢት ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ነው። መለኪያ የሌላችሁ እንደ ሆነ ባለ 1 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል። ግማሹን ለነገ እያሉ ዱቄቱን መክፈል አይገባም፤ ውሃውንም ማሳነስ ወይም ማብዛት አይገባም፤ ስኳርም ሆነ ጨው አይጨመርበትም። የተበጠበጠው ከአንድ ቀንና ሌሊት በላይ ካደረ ይደፋል፤ ለልጁም አዲስ ይበጠበጥለታል። ዚንኩ ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ ይሰጣል፤ ዕድሜው 6 ወር ላልሞላው ሕፃን ባለ 20 ሚሊ ግራሙ ክኒን በግማሽ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ሙሉው ነው። ጡት የሚጠባውንም ልጅ ጡት አትከልክሉት። ሰገራው ደም ያለበት እንደ ሆነ፣ ወይም የሚጠጣውን ሁሉ የሚያስታውክ፣ ወይም የሚፈዝዝ እንደ ሆነ ግን ቤት ውስጥ መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ባለ ሱቁ የሚሰጠው ባለ ሁለት ቀለም ክኒንስ? ብዙውን ጊዜ ይህ ቴትራሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት ነው። ተራውን የሕፃን ተቅማጥ አያቆምም። 8 ዓመት ሳይሞላው የወሰደውን ልጅ ጥርሱን ያበልዘዋል፤ ነፍሰ ጡርም ልትወስደው አይገባም። ይህንና ይህን የመሰለውን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥ ራሱ የተከለከለ ነው። እንግዲህ መድኑ ይህን አልመልስም ቢል ስስት አይደለም፤ ልጁን በሚጐዳ ነገር ላይ የሕዝብ መዋጮ እንዳይወጣ ነው።

ከመታወቂያው ወደሚሸፈነው እንምጣ። በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የካርድ፣ የምርመራና የላቦራቶሪ ሒሳብ፣ ተኝቶ መታከም፣ የታዘዘ መድኃኒት፣ ቍስል ማጠብና ፋሻ፣ መርፌ፤ እነዚህ ሁሉ ይሸፈናሉ። ፋሻውንና ቍስል የሚታጠብበትን መድኃኒት ለቤታችሁ ማከማቻ ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት የገዛችሁት እንደ ሆነ ግን የራሳችሁ ነው። የዓይን ቅባትም እንደዚሁ፣ የታዘዘው ይሸፈናል፣ በራስ ፈቃድ የተገዛው አይሸፈንም። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመልክ ማሳመሪያ ብቻ የሚደረግ ሕክምናም በመድኑ ውስጥ አልገቡም። በመነጽር ነገር እኛም እናዝናለን፤ መርፌ ክር ማስገባት ላቃታት አሮጊት መነጽር ጌጥ አይደለም። ደንቡ ግን እንዲህ ነው።

ኮሶና መተሬ፣ የጥቍር አዝሙድ ዘይት፣ ቫዝሊን፣ የጥርስ ሳሙና፣ የወር አበባ መጠበቂያ (ብዙዎች ሞዴስ የሚሉት) በመድኑ አይከፈሉም። ሳሙናም አይከፈልም። በነገሩ እንገረማለን፤ ተቅማጡን ከሥሩ የሚያስቀረው ሳሙናው ሆኖ ሳለ፣ መድኑ የሚከፍለው ሳሙና ታጥቶ ለታመመው ነው። ቢሆንም አንድ ሳሙና ከአንድ ጭብጥ ክኒን ይረክሳል፤ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሕፃኑን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራትና ከማብላት በፊት የሚታጠብ እጅ ብዙ የመድኃኒት ሒሳብ ያስቀራል። ሳሙና የታጣ ዕለት ንጹሕ አመድም ይሠራል። የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በወትሮው ጊዜ የሚገዛ ነው፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት የተነሣ እንደ ሆነ ግን ጤና ጽሕፈት ቤቱ የሚያድልበት ጊዜ አለና፣ ከመግዛታችሁ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቋት።

ልጆቻቸው አሜሪካ ያሉ አንዳንድ እናቶች ደግሞ «የእኔዋ ልጅ ከሱቅ የገዛችው የራስ ምታት ክኒን ገንዘቡ ይመለስላታል፤ የእኛ ለምንድር ነው የማይመለስ?» ይላሉ። ልጅቱ እውነቷን ነው። ሆኖም የዚያ አገር ነገር ሌላ ነው። እዚያ ሠራተኛው ከደመወዙ ላይ፣ ግብር ሳይነካው፣ ለሕክምና ብቻ የሚያስቀምጠው ሒሳብ አለ፤ የሚመለስለትም ያው የራሱ ገንዘብ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶችና የወር አበባ መጠበቂያ ከዚያ ሒሳብ እንዲከፈሉ ተፈቀደ። የመታጠቢያ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ግን እዚያም አልተፈቀዱም። የእኛ መድን የአንድ ሰው ቍጠባ ሳይሆን የብዙ ቤት መዋጮ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ያልታመመው ለታመመው ነው የሚከፍለው።

አሁን ከሁሉ የሚያስቸግረውን ነገር እናንሣ። መታወቂያችሁን ይዛችሁ፣ ሁለት ሰዓት በእግር ተጕዛችሁ፣ ተመርምራችሁ፣ ማዘዣው ተጽፎላችሁ ወደ መድኃኒት መስኮቱ ስትደርሱ «ይኼ የለም፤ ከውጭ ግዙ» ትባላላችሁ። ከጤና መድን አባላት የሚሰማው ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው፤ ቅሬታውም እውነተኛ ነው። የከፈለ ሰው መድኃኒት ማጣት የለበትም። ይሁን እንጂ ከዚያች መስኮት ተናዳችሁ ብትመለሱ የምትጐዱት እናንተው ናችሁና፣ እንዲህ ብታደርጉ ይሻላል እንላለን።

ማዘዣውን ይዛችሁ ከግቢው አትውጡ። አስቀድማችሁ «በዚህ ፈንታ ሌላ መድኃኒት አለ ወይ?» ብላችሁ ያዘዘላችሁን ሰው ተመልሳችሁ ጠይቁት፤ አንዳንድ ጊዜ አንዱ ሲጠፋ ሌላው የዚያኑ ሥራ ይሠራል። የለም የተባለ እንደ ሆነ፣ መድኃኒቱ በተቋሙ አለመኖሩ በማዘዣው ላይ ተጽፎ ማኅተም እንዲደረግበት ጠይቁ። ቀጥላችሁም «ከመድኑ ጋር ውል ያለው መድኃኒት ቤት የት ነው?» በሉ። በአንዳንድ ወረዳ እንዲህ ያለ መድኃኒት ቤት አለና በመታወቂያው ያለ ክፍያ ትወስዳላችሁ። በሌላው ወረዳ ደግሞ በገዛ ገንዘባችሁ ገዝታችሁ ደረሰኙን ስታቀርቡ ገንዘቡ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነገር ጭራሽ የሌለበትም ወረዳ አለ። ስለዚህ «የጐረቤት ወረዳ ይመልሳል» ብላችሁ አትግዙ፤ የራሳችሁን ወረዳ ደንብ ሳትታመሙ፣ በደኅናው ቀን ጠይቃችሁ እወቁ።

ገንዘቡ በሚመለስበት ወረዳ የምትኖሩ እንደ ሆነ ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ደረሰኙ ነው። በእጅ የተጫረ ቍራጭ ወረቀት ደረሰኝ አይባልም። የመድኃኒት ቤቱ ስም፣ ቀኑ፣ የታማሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና ዋጋው የተጻፈበት ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ። ማንበብ የማትችሉ እንደ ሆነ የተማረ ልጅ አስከትሉ፤ እርሱም ከማዘዣው ጋር ያስተያየው። በማዘዣው ላይ ሁለት መድኃኒት ተጽፎ በደረሰኙ ላይ ሦስት ካለ፣ ሦስተኛው የባለ መድኃኒት ቤቱ ምክር ነውና አይመለስም። «ይኼ ደግሞ ኀይል ይሰጣል» ተብሎ የተጨመረው የቫይታሚን ጠርሙስ ብዙ ሰው ያታለለው በዚህ መንገድ ነው። የገበያ ሱቅ ከቶ ሕጋዊ የመድኃኒት ደረሰኝ አይሰጥም። ማዘዣውንና ደረሰኙንም ሳታቆዩ አቅርቡ፤ ከወራት በኋላ የሚመጣ ወረቀት ክርክር ያስነሣል።

መድኃኒቱ በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጕዳዩን የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንሡት። አንድ ሰው በመስኮት በኩል ቢጮኽ ይረሳል፤ ሠላሳ አባወራና እማወራ «በዚህ ቀን፣ ይህ መድኃኒት ጠፋብን» ብለው ቢያስመዘግቡ ግን የወረዳው ሰዎች መልስ ለመስጠት ይገደዳሉ።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል በቀጥታ መሄድም ሒሳብ ያበላሻል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ነው። ያለ ሪፈር የሄደ ሰው ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል ራሱ ይከፍላል። ውል በሌለው የግል ክሊኒክ የታከመም ሁሉንም ራሱ ይከፍላል።

መዋጮው በብዙ ቦታ የሚሰበሰበው አዝመራው ከገባ በኋላ፣ በቤት እህል ባለበት ጊዜ ነው። አባቶች ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ነው፤ ያን ጊዜ «ደኅና ነን፤ ለከርሞ» ተብሎ የታለፈ መዋጮ በክረምት፣ ተቅማጥ በሚበዛበት፣ ጐተራው በሚጐድልበት ጊዜ ይፈለጋል። ታሞ ለመመዝገብ መሮጥ ደግሞ አያዋጣም፤ በብዙ ወረዳ አዲስ አባል ከከፈለ በኋላ የሚጠብቀው ጊዜ አለ። አባልነቱ የቤተ ሰብ ስለ ሆነ አዲስ የተወለደውን ሕፃን ሳትዘገዩ አስመዝግቡ። 18 ዓመት የሞላቸው ልጆችና አብረዋችሁ የሚኖሩ ዘመዶች ተጨማሪ መዋጮ ሊጠየቅባቸው ይችላል። መክፈል ለማይችሉ ድኾች መዋጮውን መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ አለ፤ ምርጫው የሚጀምረው ከቀበሌ ነውና፣ ጧሪ የሌላት ጐረቤት ካለቻችሁ ስሟ እንዳይዘለል አስታውሱላት።

ከሕመም የተረፈ ክኒን ለሌላ ልጅ አይሰጥም፤ ለትልቅ ሰው የታዘዘውን ሰባብሮ ለሕፃን መስጠትም አደገኛ ነው። ቀኑ ያለፈበትን ወደ ጤና ኬላው ውሰዱት። በቤት ያለውን መድኃኒት ሕፃናት ከማይደርሱበት፣ ከምድጃ ጢስና ከእርጥበት በራቀ ቦታ አኑሩ። መታወቂያውን፣ የክትባቱን ካርድ፣ ማዘዣዎቹንና ደረሰኞቹን ደግሞ በአንድ ላይ በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አይጥ እንዳይበላቸው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። ሌሊት ልጅ ታሞ በችኮላ ሲወጣ ማንም በጨለማ ዳብሶ እንዲያገኘው፣ ቆርቆሮው ያለበትን ቦታ የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቀው።